ዋጋው ሲወርድ አማካዩ ለምን ይወጣል?

የሊማሊሞ መንገድ በናዳ ሲዘጋ ከሥሩ ያለችው የአዲ አርቃይ ገበያ ወዲያው ትሰማዋለች። ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ የሚወርደው ስንዴ ዳገቱ ላይ ይቀራል፤ በቀጣዩ የገበያ ቀን የኩንታሉ ዋጋ ይተኮሳል። በዚህ ጊዜ ነጋዴው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይህ የዋጋ ጉዞ ነው ወይስ የአንድ ሳምንት ግርግር?

የጥያቄው ዋጋ ቀላል አይደለም። ኩንታሉን በ4,800 ብር ሒሳብ 40 ኩንታል በብድር ገዝቶ ያከማቸ ሰው፣ መንገዱ ተከፍቶ ዋጋው ወደ 4,150 ቢመለስ የመጋዘን ኪራይና ወለድ ሳይታሰብ 26,000 ብር ከኪሱ ወጣ ማለት ነው።

ተንከባላይ አማካይ የሚባለው ስሌት የሚያገለግለው ለእንዲህ ያለው ግርግር ነው። የአራት ሳምንት ዋጋ ተደምሮ ለአራት ይካፈላል፤ አዲስ ሳምንት ሲገባ አሮጌው ይወጣል። ለምሳሌ ኩንታሉ በተከታታይ 4,000፣ 4,050፣ 4,100 እና 4,050 ብር ተሸጠ እንበል። አማካዩ 4,050 ነው። በአምስተኛው ሳምንት መንገዱ ተዘግቶ 4,800 ሲገባ አማካዩ የሚደርሰው 4,250 ብቻ ነው። ገበያው 750 ብር ሲዘል እሱ የዘለለው 200 ብር ነው።

ደላሎችን የሚያሳስተው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መንገዱ ተከፍቶ ዋጋው 4,150፣ ከዚያም ሁለት ሳምንት 4,100 ቢሆን አማካዩ አይወርድም፤ እንዲያውም ቀስ እያለ 4,287 ብር ከ50 ይደርሳል። 4,800ው ገና ከስሌቱ አልወጣምና። በዘጠነኛው ሳምንት ገበያው 50 ብር ብቻ ቀንሶ 4,050 ሲሆን፣ አማካዩ በአንድ ጊዜ 187 ብር ተኩል ተንዶ 4,100 ላይ ያርፋል። ይህን አይቶ “ገበያው ወደቀ” ብሎ እህሉን የሚያራግፍ ሰው የሸጠው ከአንድ ወር በፊት ባለፈ ወሬ ነው። አዲስ የገባውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የወጣውንም ማየት ያስፈልጋል።

ስሌቱ በአገር ደረጃም የታወቀ ነው። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት የሚባለው፣ የዋጋ ግሽበትን በ12 ወራት ተንከባላይ አማካይ ሲገልጽ ኖሯል። በ2001 በጀት ዓመት መጨረሻ ይህ አኃዝ 36 በመቶ ገደማ ነበር። ወሩ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ግን ግሽበቱ 3 በመቶ አይሞላም ነበር። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንደኛው የ2000 ክረምት የእህል ዋጋ እሳትን ገና ይዞ ይዞር ነበር። የ12 ወር አማካይ በጥቅሉ አምስት ወር ተኩል ወደኋላ የቀረ ነው።

አሜሪካዊው የሸቀጥ ነጋዴ ሪቻርድ ዶንቺያን የ5 እና የ20 ቀን አማካዮችን ጎን ለጎን በማየት ይታወቃል። አጭሩ ረጅሙን ወደ ላይ ሲያቋርጥ መግዛት፣ ወደ ታች ሲያቋርጥ መሸጥ ነው። ዘዴውን እንዳለ ወደ እህል ገበያ ማምጣት ግን ያስቸግራል። እህል ከመኸር በኋላ ይረክሳል፣ ክረምት ላይ ይወደዳል። የ4 እና የ12 ሳምንት አማካዮች በየዓመቱ በታኅሣሥና ጥር አካባቢ “ሽጥ” ቢሉ ማንም ገበሬ የሚያውቀውን ነው የነገሩን። የወቅቱን ውጣ ውረድ አጥፍቶ እውነተኛውን ጉዞ የሚያሳየው የ52 ሳምንቱ ነው፤ እሱም ዘገምተኛ ነው።

ጨርሶ የማይሠራበት ጊዜም አለ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሽሬ የሚያሻግረው የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ፣ ብዙም ሳይቆይ አዲ አርቃይ ራሷ የጦርነት ቀጠና ስትሆን፣ የቀድሞው ገበያና የኋለኛው አንድ ገበያ አልነበሩም። የሁለቱን ዋጋ ደምሮ ማካፈል በየትኛውም ቀን ማንም ያልሸጠበትን ዋጋ ይሰጣል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚገቡ ሸቀጦች ላይም ነገሩ ያው ነው፤ ቆጠራው ከዚያ ቀን እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት።