ካታላይዘሯ የወጣባት መኪና

በሶማሌ ክልል ያለችው ሐርተሼክ ድንበር ተሻግሮ የሚመጣ ዕቃ ብርቅ የማይሆንባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ሰፈሩባት፤ የስደተኞች መጠለያዋ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ እስከ መባል ደርሶ በ2004 ተዘጋ። መጠለያው ቢዘጋም የበርበራና የሐርጌሳ ንግድ ያመጣው ልማድ አልቀረም። ጨርቁ መጣ፣ ሩዙ መጣ፣ ቴሌቪዥኑ መጣ፣ መኪናውም መጣ። ዛሬ በጅጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች ከሚሽከረከሩት አሮጌ የቤንዚን ቶዮታዎች ብዙዎቹ እዚህ ከመድረሳቸው በፊት በሌላ አገር ሁለትና ሦስት ባለቤት ያዩ ናቸው።

እንዲህ ያለችው መኪና በክሪክ ተነስታ ከሥሯ በባትሪ ሲታይ፣ ከሞተሩ የሚወጣው የጭስ ቱቦ ማርሚታው ጋ ከመድረሱ በፊት የሆነ ነገር የጎደለው ሆኖ ይገኛል። ወፈር ያለ፣ በርሜል መሰል ብረት ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ተራ ቱቦ ገብቶ ግራና ቀኙ ተበይዷል። የተበየደው ቦታ ከቀሪው ቱቦ ይልቅ ዝጓል። የጎደለው ካታላይዘሩ ነው።

ማን ቆረጠው? አንዳንዴ የሚቆረጠው መኪናዋ ገና መርከብ ላይ ሳትጫን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ወደ ሌሎች አገሮች መላካቸውንና ትልቁን ድርሻ የወሰደችውም አፍሪካ መሆኗን ገልጿል። በኔዘርላንድ በተደረገ ፍተሻም ወደ አፍሪካ ከሚሄዱት መኪኖች መካከል ካታላይዘራቸው ተቆርጦ በቦታው ቱቦ የተበየደላቸው ተገኝተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካታላይዘር ውስጥ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አሉ። በመጋቢት 2021 አንድ አውንስ ሮዲየም፣ ማለትም 31 ግራም ገደማ፣ ወደ 29,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር። በአሜሪካ ለኢንሹራንስ የቀረበው የካታላይዘር ስርቆት ቁጥር በ2018 ከነበረበት 1,298 ተነስቶ በ2020 ወደ 14,433 የዘለለውም ለዚህ ነው። ሌቦቹ አብዝተው የሚፈልጉት ቶዮታ ፕሪየስን በመሆኑ ዋሽንግተን አካባቢ በእሷ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች ነገሩን በቅርብ ያውቁታል።

ሌላ ጊዜ ግን የሚያወጣው የራሳችን ጋራዥ ነው። መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ ዳገት ላይ ትለግማለች። መካኒኩ ቱቦውን ፈትቶ ያያል፤ ካታላይዘሩ ተደፍኗል። በብረት ዘንግ እየወጋ ውስጡን ያራግፈዋል፣ ባዶ ቆርቆሮውን መልሶ ያስረዋል። መኪናዋ እንደ አዲስ ትነሳለች፣ ባለቤቱ ያመሰግናል፣ ሂሳቡም ትንሽ ነው። ካታላይዘሩ ለምን ተደፈነ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ገንዘብ የሚቆጥበው ጥያቄ ግን ይህ ነው።

ካታላይዘር ውስጡ ከሴራሚክ የተሠራ የማር እንጀራ መሰል ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 60 ያህል ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉት። ውድ ማዕድናቱ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ በስሱ ተቀብተዋል። ሙቀቱ 250 ወይም 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሥራውን ይጀምራል። መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፣ ሳይቃጠል የወጣውን ቤንዚን ያቃጥላል፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችንም ይሰብራል። ሦስቱን አንድ ላይ የሚሠራው ግን አየርና ቤንዚኑ በትክክል ሲመጠኑለት ነው፤ መጠኑም ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ነው። ይህን ልክ የሚጠብቀው ቱቦው ላይ የተሰካው የኦክስጅን ሴንሰርና የሞተሩ ኮምፒውተር ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ የአውሮፓ የምርመራ ሕግ ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው መመሪያ ካታላይዘር የሌላት መኪና ቆማ ስትሠራ ከጭሷ ውስጥ እስከ 3.5 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዲኖር ይፈቅድ ነበር፤ ካታላይዘር ላላት ግን ከ0.5 በመቶ አያልፍም ነበር። ሰባት እጥፍ ነው። ይህን ጭስ ቀኑን ሙሉ የሚስበው ከታክሲ ተራው አጠገብ ሻይ የምትሸጠው እናትና በመንገዱ ዳር ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ካታላይዘር የሌለው አሮጌ መኪና ሁሉ ተቆርጦበት አይደለም። በካርቡራቶር የምትሠራው ዲኤክስ ኮሮላና ለረጅም ዓመታት ታክሲ ሆና ያገለገለችው ላዳ ሲመጡም አልነበራቸውም። የቤንዚኑን ልክ የሚያስተካክል ኮምፒውተር ስለሌላቸው ዛሬ ካታላይዘር ቢበየድላቸው ብዙም ሳይቆይ ይበላሻል። ለእነሱ የሚያዋጣው ካርቡራቶሩን ማስተካከል፣ የአየር ፊልትሩን መቀየርና ካንዴላውን መጠበቅ ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው እንደ ቪትዝና ከዚያ ወዲህ የመጡትን ኮሮላዎች የመሳሰሉ፣ በኢንጄክሽን የሚሠሩ መኪኖችን ነው። እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን ጠግኖ መያዝ ግዴታ እየሆነ ነው።

ስለዚህ የጎደለውን ካታላይዘር በርካሽ መተካት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዕቃውን ሳይሆን ሞተሩን ነው። ካንዴላው ወይም ቦቢናው ደክሞ ሚስ የሚያደርግ ሞተር ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታላይዘሩ ይልካል። ቤንዚኑ እዚያ ውስጥ ይነድና ሴራሚኩን ያቀልጠዋል፤ ተደፈነ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ይኼው ነው። ፋሻው አልቆ ዘይት የሚበላ ሞተር ሲሆን ደግሞ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ማዕድናቱን እየሸፈነ ቀስ በቀስ ይገድላቸዋል። ከሃይላንድ ጠርሙስና ከጀሪካን የሚቀዳ፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚንም በደንብ ስለማይቃጠል ጥላሸቱ ይበረክታል። ድሮ ትልቁ ጠላት በቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ ነበር፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መግቢያ ስላስወገዱት ያ ሰበብ ዛሬ የለም። አራት ካንዴላ ቀይሮ፣ ኮምፒውተሯን አስነብቦ፣ የፊተኛው ሴንሰር መሥራቱን አረጋግጦ መነሳት ውዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ከመግዛት ያድናል።

ከዚያ በኋላ ዕቃው ይፈለጋል። አዲሱን የፋብሪካ ካታላይዘር ለአሮጌ ቪትዝ መግዛት አያዋጣም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 አልፏልና። የሚቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ለማንኛውም መኪና እንዲሆን ተደርጎ የሚሠራውና የሚበየደው ነው። ዋጋው ከፋብሪካው ጋር አይወዳደርም፤ የሚመረጠው ግን በዋጋው ብቻ መሆን የለበትም። ላዩ ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ ለስንት ሊትር ሞተር እንደተሠራ ይጻፋል። ለ1.0 ሊትር የተሠራው 1.8 ሊትር ሞተር ላይ ቢገባ ጭሱ ስለሚበዛበት ሳያጣራው ያልፋል። የመግቢያውና የመውጫው ስፋትም ከመኪናዋ ቱቦ ጋር በሚሊሜትር ተለክቶ መግጠም አለበት። ምንም ያልተጻፈበት፣ በእጅ ሲያዝ ቅልል የሚል ዕቃ ውስጡ ያለው ማዕድን እጅግ ትንሽ ሊሆን ስለሚችል ባይገዛ ይሻላል።

ሁለተኛው ያገለገለ ነው። ተመሳሳይ ሞተር ካላት፣ ተጋጭታ ከተፈታች መኪና የወጣ የፋብሪካ ካታላይዘር አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ላይ መጠየቅ ይቻላል፤ ከጅጅጋ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው አይጠፋም። በደህና ሞተር ላይ የኖረ ከሆነ፣ በጸሐፊው እምነት፣ ከርካሹ አዲስ ይበልጣል። ሲገዛ ግን በሁለቱም ጫፍ መብራት አብርቶ ማየት ነው። ቀዳዳዎቹ ቀጥ ብለው ካሳዩ፣ ካልቀለጡና በጥላሸት ካልተሸፈኑ ደህና ነው። ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ከሆነ ሴራሚኩ ተሰብሯል፣ አይወሰድም። ውስጡ ቡኒ ወይም ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ከያዘም ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ የከረመ ነው።

ብየዳው ላይ የሚቻኮል ብዙ ነው። መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይነቀላል፤ የኤሌክትሪክ ብየዳ የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥለው ይችላል። ሴንሰሮቹም ተፈትተው ይቀመጣሉ። ካታላይዘሩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ኋላ፣ ወደ ማርሚታው ማመልከት አለበት። ቦታው የድሮው ቦታ ነው፤ ሥራ ይቀለኛል ብሎ ወደ ኋላ የሚያርቀው በያጅ ካታላይዘሩ ሳይሞቅ ውሎ እንዲያድር ያደርገዋል። ከሁሉም በላይ ከፊተኛው ሴንሰር በፊት አንዲት ቀዳዳ እንኳ መቅረት የለባትም። በእሷ የምትገባው አየር ሴንሰሩን ታሳስታለች፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚን አነሰ ብሎ ይጨምራል፤ መኪናዋ ካታላይዘር ተገጥሞላት ቤንዚን መብላት ጀመረች የሚለው ቅሬታ አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል። የተገጠመው ወይም የነበረው ካታላይዘር ተደፍኖ እንደሆነ ለማወቅም የፊተኛውን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ መግጠም ይቻላል። ሞተሩ 2,500 ዙር ላይ ሲሆን ግፊቱ ከ0.2 ባር ካለፈ ጭሱ መውጫ አጥቷል።

አሮጌ መኪና ለመግዛት የሚዋዋል ሰው ዳሽቦርዱንም አይርሳ። ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ የደበቀውም የካታላይዘሩን ድክመት የሚጠቁመውን ፒ0420 የተባለውን ኮድ ሊሆን ይችላል። በኋለኛው ሴንሰርና በቱቦው መካከል ትንሽ የብረት ማራዘሚያ ገብቶ ከተገኘም መብራቱን ለማጥፋት የተደረገ እንጂ ጭሱን ያጠራ አይደለም።

ለጅጅጋ ሜዳ ደግሞ አንድ የተለየ ጥንቃቄ አለ። ሥራ ላይ ያለ ካታላይዘር ደረቅ ሣር ለማቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት አለው። የሙቀት መከለያ ቆርቆሮው በድንጋያማ መንገድ ላይ ተገጭቶ ከወደቀ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ከላሜራ ተቆርጦ በብሎን ይታሰራል። በበጋ ከከተማ ወጥቶ ግጦሽ ሜዳ ላይ የሚያቆም ሾፌርም መኪናውን ባዶ አፈር ላይ ያቁማት።