አድራሻው ተቀይሯል፤ ኮምፒዩተሩ ግን አልሰማም

እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የስልክ ቁጥሮች ሲለወጡ የጅማና የአካባቢዋ መለያ 047 ሆነ። በሰቶ ሰመሮ ተቀምጦ ወደ አጋሮ የሚደውል የቡና ነጋዴ መስመሩ እምቢ ቢለው ደንበኛው ጠፍቶ ሳይሆን ደብተሩ ስላረጀ ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሮችም ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተሮች በመረብ የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነው፤ ለሰው የሚቀለው ግን ስም ነው። በአርፓኔት ዘመን ስሞች በአንድ ፋይል ተመዝግበው ለሁሉም ይሠራጩ ነበር። ማሽኖቹ ሲበዙ ይህ አልበቃ ስላለ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 የዶሜይን ስም ሥርዓትን (ዲኤንኤስን) ነደፉ።

ሥርዓቱ ፈጣን የሆነበት አንዱ ምክንያት የተገኘ መልስ ለጊዜው መቀመጡ ነው። መልሱ ‹‹ቲቲኤል›› የተባለ በሰከንድ የሚለካ ዕድሜ አለው፤ 86400 ሰከንድ አንድ ቀን ነው። የምዝገባ ሰርቨር ጠዋት አድራሻ ቢቀይር፣ ትናንት ማታ መልሱን የያዘ ማሽን እስከ ዛሬ ማታ ወደ አሮጌው ቦታ ሊሄድ ይችላል። ምዝገባው ዛሬ ለሚዘጋበት ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዩኒክስ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ ‹‹ሆስትስ›› የተባለውን ፋይል፣ ቀጥሎ ዲኤንኤስን ይጠይቃል። በሆስትስ ፋይል በእጅ የተጻፈ መስመር ቲቲኤል ስለሌለው እስኪሰረዝ ድረስ ይኖራል። በአንዳንድ ማሽኖች ‹‹ኤንኤስሲዲ›› የተባለው አገልግሎትም የራሱን ማስታወሻ ይይዛል።

ታዲያ ስሕተቱን እንዴት እንፈልገው? ‹‹ጌትኤንት›› የተባለው ትእዛዝ ይህንኑ ቅደም ተከተል ሲከተል፣ ‹‹ዲግ›› የሆስትስን ፋይል አልፎ የዲኤንኤስ ሰርቨርን ይጠይቃል። ዲግ አዲሱን፣ ጌትኤንት አሮጌውን ከመለሱ ጥፋቱ በማሽኑ ውስጥ ነው፤ ሆስትስን አርመን ኤንኤስሲዲን እንደገና እናስነሣለን። ዲግም አሮጌውን ከመለሰ የዶሜይኑን ዋና ሰርቨር በቀጥታ እንጠይቅ። እርሱ አዲሱን ከያዘ በመካከል ያለው ማስታወሻ ገና አላለፈበትም ማለት ነው። እርሱም አሮጌውን ከያዘ መዝገቡ አልታረመም። ዋናው ታርሞ ረዳት ሰርቨሮቹ ብቻ አሮጌውን ከያዙ ደግሞ የመዝገቡ ተራ ቁጥር ከፍ አለመደረጉን እንጠርጥር። ሁሉም አዲሱን እየመለሱ ፕሮግራሙ ብቻ ከተሳሳተ፣ ማስታወሻው በራሱ ውስጥ ስለሆነ ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት ይበጃል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። ቲቲኤሉ አንድ ቀን ከሆነ ከዝውውሩ ከአንድ ቀን በላይ ቀደም ብሎ ወደ 300 ሰከንድ ማውረድ፣ ከዝውውሩም በኋላ አሮጌውን ሰርቨር ለጥቂት ጊዜ አለመዝጋት ብዙ ተጠቃሚዎችን ከእንግልት ያድናል።