ከዲመካ ገበያ እስከ ዩኒቨርሲቲ፦ ስለ አልጀብራ ትምህርት

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ የሚታወስ ነው። ከዚህም የተነሣ በ2015 ዓ.ም. የሪሚዲያል ትምህርት ተጀመረ። ይኸውም ከማለፊያው በታች ካመጡት የተመረጡት በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተምረው እንደ ገና የሚፈተኑበት ነው። ያለፈ አንደኛ ዓመት ይገባል፤ የወደቀ ጓዙን ጠቅልሎ ይመለሳል። ያለፈውም ቢሆን በአንደኛው ዓመት ሌላ የሒሳብ ኮርስ ይጠብቀዋል። ከዲመካ ተነሥቶ በቀይ አፈር በኩል ወደ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄድ ተማሪ እንግዲህ አልጀብራ ተራ ትምህርት ሳይሆን የሚያሳልፍ ወይም የሚመልስ በር ነው።

ነገር ግን አልጀብራ ለዲመካ ልጅ እንግዳ ነውን? በቅዳሜው ገበያ አንድ ሰው 2 ፍየልና 3 ጣሳ ማር በ13,000 ብር ገዛ እንበል። ሌላው በዚያው ዋጋ 1 ፍየልና 2 ጣሳ ማር በ7,000 ብር ገዛ። የአንዱ ፍየል ዋጋ ስንት ነው? ብልህ ነጋዴ «ሁለተኛው ገዢ እጥፍ ቢገዛ ኖሮ 2 ፍየልና 4 ጣሳ በ14,000 ብር ይወስድ ነበር፤ ከፊተኛው የሚበልጠው በ1 ጣሳና በ1,000 ብር ነው» ይላል። ስለዚህ ጣሳው 1,000፣ ፍየሉ 5,000 ብር ነው። ኮሌጅ የሚጨምረው ለፍየሉ ፈ፣ ለማሩ መ ብሎ መጻፍን ነው፦ 2ፈ + 3መ = 13,000፤ ፈ + 2መ = 7,000።

አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከጻፈው መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ምልክት የለም፤ የንግዱም የውርሱም ጥያቄ ሁሉ በቃል ተጽፎ ይፈታል። ፊደሉ የመጣው ኋላ፣ ጽሑፉን ለማሳጠር ነው።

ታዲያ ተማሪው የሚሰናከለው የት ላይ ነው? አንደኛ፣ በቋንቋው ነው። በአማርኛ «ከአንድ ቁጥር 5 ሲቀነስ» ስንል ቃሉ የስሌቱን ተራ ይከተላል፦ ሀ − 5። በእንግሊዝኛው «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤ ነምበር» ግን 5 አስቀድሞ ስለሚነገር፣ ብዙዎች 5 − ሀ ብለው ይጽፋሉ።

ሁለተኛ፣ (ሀ + 3)²ን ሀ² + 9 ማድረግ ነው። በሀ ቦታ 1 ብናስገባ በግራ 16፣ በቀኝ 10 ይሆናል፤ አይተካከልም። ትክክለኛው ሀ² + 6ሀ + 9 ነው።

ሦስተኛ፣ ሀ² = 5ሀ የሚለውን ሁለቱን ወገን ለሀ አካፍሎ «ሀ = 5» ብሎ መጨረስ ነው። 0ም መልስ ነው፤ ለ0 ማካፈል ስለማይቻል ግን በማካፈሉ ጊዜ ጠፋ። ይልቁንስ ሁሉን ወደ አንድ ወገን አምጥቶ ሀ(ሀ − 5) = 0 ብሎ መጻፍ ይገባል። የሁለት ቁጥሮች ብዜት 0 ከሆነ አንዱ የግድ 0 ነውና፣ 0ና 5 ሁለቱም ይገኛሉ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ልማድ አለ፤ ደንብ ሲያጠራጥር በፊደሉ ቦታ ትንሽ ቁጥር አስገብቶ መመርመር ነው። ቁጥሩ ካልተካከለ ደንቡ በእርግጥ ሐሰት ነው፤ አንድ ጊዜ ቢተካከል ግን ገና እውነት ነው አያሰኝም። ፈተና ከመድረሱ አስቀድሞ ጓደኛሞች ተሰብስበው ጥያቄውን በመጀመሪያ በሚያውቁት ቋንቋ፣ ቀጥሎ በፊደል፣ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ቢናገሩት ይጠቅማቸዋል። በገበያ የሚያሰላ አእምሮ በወረቀት ላይ ማስላት አያቅተውም፤ የሚቀረው ጽሑፉን መልመድ ነው።