አሮጌውን በር አይጣሉት

ቤትዎን ሊያድሱ ነው? ከማፍረስዎ በፊት በእንግሊዝ ዋይት ደሴት፣ ባሕሩን እያየ የቆመውን ኦስቦርን ሃውስ ያስቡ። ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 ሲገዙት ለልጆቻቸው ጠበባቸው። ተቋራጩ ቶማስ ኩቢት አዲሱን ከጎኑ ሠራ፤ ነባሩ የፈረሰው ቤተሰቡ አዲሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። የመግቢያው በር ግን አልተጣለም፤ የአትክልቱ ስፍራ መግቢያ ሆነ።

ለልጆቹም ምግብ ማብሰል የሚለማመዱበት የእንጨት ቤት ግቢው ውስጥ ተሠራላቸው። ያበቀሉትን አትክልት አባታቸው በገበያ ዋጋ ይገዛቸው ነበር፤ የማርኬቲንግ ሰው ነኝና ይህን ወድጄዋለሁ!

በ1868 አባቱን መቅደላ ላይ፣ እናቱን በጉዞ ላይ ያጣው የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ንግሥቲቱ ፊት የቀረበውም እዚሁ ቤት ነው። ልጆችዎን ይዘው ለጉብኝት ከሄዱ ይህንንም ይንገሯቸው።