አንዷ ትወረውራለች፣ ሌላዋ ትቀልባለች

ሪትሚክ ጂምናስቲክ በቡድን ሲቀርብ አምስት ሴቶች 13 ሜትር በ13 ሜትር በሆነ ምንጣፍ ላይ፣ ከሁለት ደቂቃ ተኩል ባልበለጠ ጊዜ፣ በሙዚቃ እየታጀቡ ኳስ፣ ቀለበት፣ ዱላ ወይም ጥብጣብ ይወራወራሉ። የቡድን ውድድሩ ወደ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ወርቅ የወሰደችው ስፔን ነበረች። ለተመልካች ውበት ብቻ የሚመስለው ይህ ትርኢት ለፊዚክስ ተማሪ ጥሩ የስሌት መልመጃ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። አንዷ ተወዳዳሪ ኳሱን ቀጥ አድርጋ 8 ሜትር ወደ ላይ ብትወረውረው፣ የአየርን ተቃውሞ ከተውነው፣ የኳሱ መነሻ ፍጥነት በሴኮንድ 12.5 ሜትር ያህል ይሆናል። ወጥቶ እስኪመለስም 2.6 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። አቅጣጫው በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ ኳሱ ከታሰበለት ቦታ ከግማሽ ሜትር በላይ ርቆ ይወርዳል። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ይህ መዛነፍም እጥፍ ይሆናል፤ በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ግን የሚያድገው 1.4 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ከፍ አድርጎ መወርወር ለቀላቢዋ የመሽከርከሪያ ጊዜ ይሰጣታል፤ የሚያስከፍላት ዋጋ ግን ከዚያ ፈጥኖ ያድጋል።

ወርዋሪዋ ራሷ የምትቀልብ ቢሆን ኖሮ የእጇን ስሕተት አስቀድማ ታውቀው ነበር። በቡድን ውድድር ግን የአንዷ ስሕተት የሌላዋ ዕዳ ነው።

ይህን ዕዳ ለረጅም ጊዜ ከተሸከሙት አንዷ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በዩክሬኗ ዛፖሪዥያ የተወለደችው አናስታሲያ ብሊዝኑክ ናት። ከሩሲያ ቡድን ጋር በ2012 ለንደን ላይ፣ በ2016 ደግሞ ሪዮ ላይ ወርቅ አገኘች። ከለንደኑ ቡድን ሪዮ የደረሰችው እርሷ ብቻ ስለነበረች፣ ሁለተኛው ወርቅ ከአዳዲስ እጆች ጋር የተገኘ ነው። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በዶፒንግ ቅጣት ሳቢያ በሩሲያ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ስም የቀረበው ቡድኗ 90.700 ነጥብ አገኘ፤ 92.100 ባገኘችው ቡልጋሪያ ተቀድሞም የብር ሜዳልያ ወሰደ።

ከዚህ የምንረዳው፣ የቡድን ችሎታ በአንድ ሰው አካል ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ አለመሆኑን ነው። ከፊሉ የሚገኘው በወርዋሪዋና በቀላቢዋ መካከል ነው፤ ጓደኛ በተለወጠ ቁጥርም ይህ ክፍል እንደገና መገንባት አለበት። ብሊዝኑክን ታላቅ ያሰኛት ሜዳልያዋ ብቻ ሳይሆን፣ ይህን ግንባታ ደግማ መጀመሯ ጭምር ይመስለናል።