ራዳር አጠገብ መኪኖች ይደማመጣሉ?

ከፊታችን ያለው መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ ሾፌራችን ቀዩን መብራት ከማየቱ በፊት መኪናው ራሱ በሬዲዮ «እየቆምኩ ነው» ብሎ ቢነግረንስ? እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለእንዲህ ዓይነቱ የአጭር ርቀት ግንኙነት ከ5.850 እስከ 5.925 ጊጋኸርዝ ያለውን ሞገድ መደበ። በዚያው ሞገድ ግን የጦር ኃይሉ ራዳሮችም ይሠራሉ። ስለዚህ አንዱ ሌላውን እንዳይረብሽ መፈተሽ አስፈለገ።

ነገሩን በቀላል ስሌት እንየው። አንድ ራዳር በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ምት ይልካል፣ እያንዳንዱ ምት የሚቆየው 1 ማይክሮሴኮንድ ነው እንበል። ይህ ራዳር ከ1,000 እጅ 999ኙን ጊዜ ዝም ይላል ማለት ነው። ጉዳት የሌለው ይመስላል። ነገር ግን የመኪናው መልእክት ግማሽ ሚሊሴኮንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ ምቱም በየሚሊሴኮንዱ ስለሚመጣ፣ ከመልእክቶቹ ግማሽ ያህሉን ምት ያገኛቸዋል።

ምት ያገኘው መልእክት ሁሉ ግን አይጠፋም። ከዓረፍተ ነገር አንድ ፊደል ቢጎድልም አንባቢ ሐሳቡን እንደሚረዳ ሁሉ፣ መልእክቱም የተበላሸውን ቦታ ለማረም የሚረዳ ተጨማሪ መረጃ ይዞ ይጓዛል። ምን ያህሉ እንደሚድን የሚታወቀው በሙከራ ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ መሣሪያ የራዳርን ምት አስመስሎ ያመነጫል፤ ምቱ ከመኪናው ሬዲዮ ሞገድ ጋር በኬብል ይቀላቀላል። ከዚያ የምቱን ጉልበት፣ ርዝመትና ድግግሞሽ እየቀያየሩ ከተላኩት መልእክቶች ስንቱ እንደደረሰ ይቆጥራሉ። ቀጥሎ ከቤት ውጭ፣ በእውነተኛ ርቀት ይሞክሩታል።

ቆጠራው ብቻውን ግን አይበቃም። መኪናው መልእክቱን በሴኮንድ 10 ጊዜ ይልካል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 20 ሜትር ስለሚጓዝ፣ በሁለት መልእክቶች መካከል 2 ሜትር ይሄዳል። ከ100 መልእክት 95ቱ ደረሱ ቢባል ጥሩ ውጤት ነው እንላለን። አምስቱ ተበታትነው ከጠፉ ቀጣዩ መልእክት ወዲያው ይተካቸዋል። ነገር ግን ብዙ ራዳሮች አንቴናቸው ይሽከረከራል፤ ወደ መኪናው ሲዞር መልእክቶቹ በተከታታይ ሊጠፉ ይችላሉ። አምስቱ ተከታትለው ከጠፉ መኪናው ምንም ሳይሰማ ተጨማሪ 10 ሜትር ይጓዛል።

ስለዚህ ጥሩ ፈታኝ «ስንት ጠፋ?» ብሎ ብቻ አያበቃም፤ «ስንቱ ተከታትሎ ጠፋ?» ብሎም ይጠይቃል። ለእኛ መንገድ አቋርጠን ትምህርት ቤት ለምንገባው፣ 10 ሜትር ብዙ ነው።