ሙላትና ሽሽት የሚያዝዙት መንገድ

ጣናን ወይም ላንጋኖን ያየ ሰው የሐይቁ ዳር ጧትም ማታም በአንድ ስፍራ እንደሚገኝ ያውቃል። በክረምት ውሃው ጥቂት ከፍ ይላል፤ በበጋ ይጎድላል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ግን ለዓይን የሚታይ ለውጥ አያሳይም። የውቅያኖስ ጠባይ እንዲህ አይደለም። ጨረቃ፣ ከእርሷም ባነሰ ኀይል ፀሐይ፣ የባሕሩን ውሃ ስለሚስቡት በብዙ የዓለም ጠረፎች ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ወደ የብስ ይገፋል፤ ሁለት ጊዜም ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ምንባብ መግፋቱን «ሙላት»፣ መመለሱን «ሽሽት» እንለዋለን። ከአንዱ ሙላት እስከ ሚቀጥለው ድረስ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ ረፋድ ላይ የደረሰው ሙላት ነገ በዚያው ሰዓት አይደርስም፤ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

ይህን አስቀድመን ያነሣነው ቀጥሎ የምንገልጸው መንገድ ያለ ሙላትና ሽሽት ዕውቀት የማይታለፍ ስለ ሆነ ነው። መንገዱ የሚገኘው በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ በተዘረጋችው በቫንኩቨር ደሴት ነው። ስሙ «የምዕራብ ጠረፍ መንገድ» ይባላል። በስተ ሰሜን ከፓቺና ወሽመጥ ይነሣና 75 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በስተ ደቡብ ጎርደን ወንዝ ላይ ያበቃል። መኪና አይሄድበትም፤ በቅሎም አይሄድበትም። ሰው ስንቁንና ድንኳኑን ተሸክሞ ስድስት ወይም ሰባት ቀን ይራመድበታል። አንድ ጊዜ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ፣ አንድ ጊዜ በአሸዋና በዐለት ላይ ያልፋል። ደኑም ጠረፉም እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የፓሲፊክ ሪም ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የዝናብ ደን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በምድር ወገብ አካባቢ ያለውን የኮንጎን ወይም የአማዞንን ደን ነው። የቫንኩቨር ደን ግን ከምድር ወገብ እጅግ ርቆ፣ ቀዝቀዝ ባለ አገር የበቀለ የዝናብ ደን ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ከውቅያኖሱ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ከደሴቲቱ ተራሮች ጋር ይጋጠማል፤ ወደ ላይ ሲወጣም ይቀዘቅዛል፤ የተሸከመውን ውሃ መያዝ ሲያቅተው በዝናብ መልክ ያወርደዋል። በዚህ ጠረፍ በዓመት 3,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል። ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው እጥፍ ይበልጣል። ዝናቡ በሚያንስበት በበጋ ደግሞ ከባሕሩ የሚነሣው ጉም ዛፎቹን ያርሳቸዋል።

በዚህ ምክንያት ዛፎቹ እጅግ ይገዝፋሉ። ለባሕሩ ቅርብ የሆነውን ስፍራ የያዘው፣ የጨው ውሃ ርጭትን የሚችለው የሲትካ ስፕሩስ ነው። መንገዱ ከሚያቋርጠው ከካርማና ወንዝ ሽቅብ ባለው ሸለቆ ውስጥ ከዚህ ዘር አንዱ ወደ 96 ሜትር ይረዝማል። ከስፕሩሱ በስተ ኋላ ሄምሎክና ቀይ ዝግባ ይበዛሉ። ቀይ ዝግባ ያልነው ለስም ያህል ነው እንጂ እኛ የምናውቀው ዝግባ አይደለም። እንጨቱ በቀላሉ ስለማይበሰብስ ዛፉ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። መሬቱን ፈርን ይሸፍነዋል፤ ቅርንጫፉንና ግንዱን እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ ሣረንስት ያለብሰዋል። አንድ ትልቅ ዛፍ ሲወድቅም ሥራው አያበቃም። በደኑ ወለል ላይ ለትንንሽ ችግኞች የሚሆን ብርሃንና ቦታ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዘሮቹ በወደቀው ግንድ ጀርባ ላይ ይበቅላሉ። ግንዱ እየበሰበሰ ይመግባቸዋል። ከብዙ ዘመን በኋላ ግንዱ ፈጽሞ ሲጠፋ ዛፎቹ በሰው እጅ የተተከሉ ይመስል በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ ሥራቸው ከመሬት ከፍ ብሎ እንደ እግር ቆሞ ይታያል። መንገደኛው በዚህ ስፍራ ቆም ብሎ ቢመለከት ይጠቀማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጭቃውን ሲያይ ዛፉን ሳያይ ያልፋል።

ደኑ ሰው የማያውቀው ምድረ በዳ አልነበረም። በመንገዱ ርዝመት ሁሉ የሦስት ነባር ሕዝቦች ምድር ነው፤ እነርሱም ሁኣይአት፣ ዲቲዳትና ፓቺዳት ይባላሉ። አውሮፓውያን ከመድረሳቸው በፊት ብዙ ዘመን በዚህ ጠረፍ ኖረዋል፤ ዓሣ አጥምደዋል፤ ዓሣ ነባሪም አድነዋል። ታንኳቸውን የሚጠርቡት፣ ቤታቸውን የሚሠሩት ከቀይ ዝግባ ነበር። ከቆመው ዛፍ ላይ ልጡን በረጅሙ ልጠው ልብስና ገመድ ይሠሩበታል፤ ዛፉ ግን አይሞትም። ልጡ የተወሰደበት ጠባሳ ያለባቸው ዛፎች ዛሬም በደኑ ውስጥ ቆመው ይታያሉ።

መንገዱ የሚጀምርበት የፓቺና ወሽመጥ በሁኣይአት ሕዝብ ዘንድ የሚታወስበት አሳዛኝ ታሪክ አለ። አንድ አዛውንት በ1964 ለታሪክ መዝጋቢዎች እንዳስረዱት፣ በጥንት ዘመን በአንድ ሌሊት ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ወዲያው ከባሕሩ ታላቅ ማዕበል ተነሣ። በወሽመጡ ዳር የነበሩት ሰዎች ወደ ታንኳቸው ለመድረስ እንኳ ጊዜ ሳያገኙ አለቁ። የተረፉት በከፍታ ስፍራ የሰፈሩት ናቸው። ይህን ታሪክ ከሌላ ወገን የሚያጸና ማስረጃ የተገኘው በውቅያኖሱ ማዶ በጃፓን ነው። በ1700 በጃንዋሪ ወር መጨረሻ የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይሰማ ማዕበል የጃፓንን ጠረፍ እንደ መታው በዚያ አገር መዛግብት ተጽፎ ይገኛል። ሊቃውንት በ1996 ባወጡት ጥናት ማዕበሉ የተነሣው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በጃንዋሪ 26 ቀን 1700 ምሽት ላይ መሆኑን አሳዩ። አፍ ለአፍ የተላለፈው ታሪክ ሌሊት እንደ ነበር መናገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። መጻፍ የማያውቅ ሕዝብ ታሪክ አያስቀምጥም ለሚሉ ሰዎች ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

ዛሬ ሰዎች የሚራመዱበት መስመር የተጠረገው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ከቫንኩቨር ደሴት በስተ ደቡብ የሁዋን ዴ ፉካ ሰርጥ ይገኛል። ወደ ቪክቶሪያና ወደ ሲያትል ወደቦች የሚሄዱ መርከቦች በዚህ ሰርጥ ይገባሉ። ጉም ሲወርድ ወይም ማዕበል ሲበረታ የሰርጡን አፍ ስተው ወደ ሰሜን የሚያልፉት መርከቦች ብዙ ነበሩ፤ የባሕሩም ሞገድ ወስዶ ከዐለቱ ጋር ያላትማቸው ነበር። ስለዚህ ባሕርተኞች ጠረፉን «የሰላማዊ ውቅያኖስ መቃብር» ብለው ሰየሙት። በ1890 ገደማ በደኑ ውስጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ። ሽቦውን የሚጠብቁት ሠራተኞች የሚመላለሱበት ጠባብ መተላለፊያም አብሮ ተከፈተ።

በጃንዋሪ 1906 ቫሌንሲያ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥታ ወደ ሰሜን ስትጓዝ የአየሩ ሁኔታ ከፋ። መርከበኞቹ ኮከብም የብስም ማየት ስላልቻሉ ያሉበትን ስፍራ በግምት ያሰሉ ነበር። ግምቱ ተሳሳተ። መርከቧ ሰርጡን አልፋ በጃንዋሪ 22 እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከፓቺና ወሽመጥ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከዐለት ጋር ተጋጨች። በላይዋ 173 ሰዎች ነበሩ። የብሱ ቅርብ ነበር፤ የቀን ብርሃን ሲወጣ ገደሉ በግልጽ ይታይ ነበር። ነገር ግን በመካከል ያለው ማዕበል ሰውን ከዐለት ጋር የሚፈጭ ነበር። በጨለማ የወረዱት የነፍስ አድን ጀልባዎች ተገለበጡ ወይም ጠፉ። ዘጠኝ ሰዎች ወደ የብስ ደርሰው ገደሉን ወጡ፤ በደኑ ውስጥ ሽቦውን አገኙና እርሱን እየተከተሉ ወደ ሽቦ ጠባቂዎች ጎጆ ደርሰው በስልክ ርዳታ ጠየቁ። በመርከቧ ላይ የቀሩት ደግሞ ገመድ ወደ ገደሉ ጫፍ ተኮሱ። ገመዱ ደረሰ። ይሁን እንጂ በዚያ ጫፍ ላይ ገመዱን ይዞ ከዛፍ ጋር የሚያስር አንድም ሰው አልነበረም። ከባሕር በኩል ለርዳታ የመጡት መርከቦችም ማዕበሉን ፈርተው መቅረብ አልቻሉም። ርዳታ የተጠየቁት ሰዎች በደኑ አቋርጠው ከገደሉ ጫፍ ሲደርሱ መርከቧ ልትሰባበር ተቃርባ ነበር፤ ገመዱም ተበጥሶ ነበር። ከ173ቱ የተረፉት 37 ናቸው። ከሴቶችና ከሕፃናት አንድም አልተረፈም።

ሕዝቡ እጅግ ተቈጣ። መንግሥትም ጠረፉን ለመጠበቅ ሥራ ጀመረ። በፓቺና አፍንጫ ላይ የመብራት ማማ ተሠራ፤ ማማው በ1908 ሥራውን ጀመረ። የሽቦ ጠባቂዎቹ ጠባብ መተላለፊያም ከ1907 ጀምሮ እየተጠረገ፣ ድልድይ እየተሠራለት «የነፍስ አድን መንገድ» ሆነ። በመንገዱ ላይ በየስምንት ኪሎ ሜትሩ ገደማ ጎጆዎች ተሠሩ። ከመርከብ መሰበር የተረፈ ሰው ወደነዚህ ጎጆዎች ከደረሰ ብርድ ልብስ፣ ስንቅና ስልክ ያገኛል፤ የስልኩም አጠቃቀም በበርካታ ቋንቋዎች ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። ከየትኛው አገር መርከብ ማን እንደሚተርፍ አይታወቅምና ይህ አሳብ የሚደነቅ ነው። የመርከብ መምሪያ መሣሪያዎች እየተሻሻሉ ሲመጡ ጎጆዎቹ ጥቅማቸው ቀነሰ፤ በ1950ዎቹ ዓመታት መንገዱ ጠባቂ አጥቶ ደኑ መልሶ ሊውጠው ጀመረ። ቀጥሎ ተፈጥሮን ለማየት የሚሹ እግረኞች አገኙት፤ በ1973ም ከፓርኩ ጋር ተቀላቀለ።

እንግዲህ የዛሬው ተጓዥ በሰሜን በኩል ቢነሣ መጀመሪያ የሚያገኘው ረጋ ያለ መንገድ ነው። የመብራቱን ማማ ያልፋል፤ ቫሌንሲያ የተሰበረችበትን ባሕር ከገደሉ ላይ ቁልቁል ያያል። ሁለት ቀን ያህል ከተጓዘ በኋላ ሱሲያት ወደሚባለው ፏፏቴ ይደርሳል፤ ፏፏቴው ከገደሉ በቀጥታ ወደ አሸዋው ይወርዳል። የኒቲናት መተላለፊያ ድልድይ የለውም፤ ውሃው ጥልቅና ኀይለኛ ስለ ሆነ የዲቲዳት ሰዎች በጀልባ ያሻግሩታል። አንዳንዶቹን ወንዞች የሚሻገረው በወፍራም የሽቦ ገመድ ላይ በተንጠለጠለ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ገመዱን በገዛ እጁ እየሳበ ነው። ወደ ደቡብ እየቀረበ ሲሄድ መንገዱ ይከፋል። ሸለቆዎቹ ጥልቅ ስለ ሆኑ መሰላል በመሰላል ላይ ተቀጣጥሎ ይወጣባቸዋል፤ ረግረጉ ላይ የተነጠፈው ሳንቃ ርጥብና አዳላጭ ነው። በየዓመቱ እግራቸው ተወልቆ ወይም ተሰብሮ በጀልባ የሚወሰዱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ድብ፣ ተኩላና ፑማ የተባለው አውሬ በደኑ ውስጥ ይኖራሉ፤ ስለዚህ ስንቅ ሌሊት በድንኳን ውስጥ አይቀመጥም፤ በየሰፈሩ በተዘጋጁት የብረት ሳጥኖች ይቈለፋል።

በአሸዋ ላይ መሄድ ከደኑ ጭቃ ይቀልላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በባሕሩ ዳር መሄድ ይወዳል። አደጋውም ያለው በዚህ ነው። በብዙ ስፍራ ገደሉ ከአሸዋው ጀርባ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ተጓዡ በሽሽት ጊዜ ሰፊና ደረቅ ዳርቻ አይቶ ይገባል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሙላቱ ይመለሳል፤ ፊቱም ኋላውም ውሃ፣ ጎኑ ደግሞ ገደል ይሆንበታል። በዚህ ጠረፍ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ልዩነት በአንዳንድ ቀን ከ3 ሜትር ይበልጣል። ከዚህም ሌላ ሞገዱ ዐለቱን እየፈለፈለ የሠራቸው ጠባብ ስንጥቆች አሉ። ውሃው በስንጥቁ ውስጥ በድንገት ስለሚያሻቅብ በዝላይ ለማለፍ የሞከረ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የደኑ መንገድ የተሠራው ለእንዲህ ያለው ስፍራ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ መንገደኛ የሙላትና የሽሽት ሰዓት የተመዘገበበትን ሰንጠረዥ ይይዛል። ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የነገውን ሰዓት ያነባል፤ የሚነሣበትንም ሰዓት የሚወስነው በእንቅልፉ ሳይሆን በሰንጠረዡ ነው። ሽሽቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከሆነ በጨለማ ይነሣል። ይህ በተለይ የሚያስፈልገው በመንገዱ መጨረሻ አካባቢ በሚገኘው በኦወን አፍንጫ ነው። በዚያ ባሕሩ ዐለቱን ፈልፍሎ ዋሻዎች ሠርቷል። ውሃው በሰንጠረዡ ላይ ከ1.8 ሜትር በታች ሲሆን በዋሻዎቹ ሥር ደረቅ ወለል ይወጣል፤ ሰውም በዚያ ያልፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ አያልፍም። ጠብቆ ያለፈው ሰው በትላልቅ ዐለቶች መካከል ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ እንደገና ወደ ደኑ ይወጣል፤ በመጨረሻም ከጎርደን ወንዝ ዳር ይደርሳል። ድልድይ የለም፤ በመትከሉ ላይ ምልክት ሰቅሎ የሚያሻግረውን ጀልባ ይጠብቃል።